ባለቤት ያልተገኘለት «ተረጋግጧል»

ይድረስ እናትም አባትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ውስጥ እግርሽን ማቃጠሉስ ተወሽ? ባልሽስ? ልጅሽስ አደገች? እኔ እንደ ብረት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ለምኜ እንዳይመስልሽ፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በማታ ትምህርት ቤታችን ከእኔ የሚፈጥን የለም፤ ቢኖርም ጽሕፈቱ እንደኔ አያምርም። በልብስ ንጽሕና ቤቱም አንደኛ ተኳሽ እኔ ነኝ። አትደንግጪ፣ ሸሚዝ ነው የምተኩሰው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናና ጉልበት ይሰጣል የተባለ አምባር ገዝቼ ቀለል ስላለኝ የስኳር ክኒኔን ተውኩት ትያለሽ! እትዬ፣ ካውያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያንኑ አምባር እኛም ዘንድ ይዞት የመጣ ሰው ስላለ ነው።

ሰውየው ኮቱን ሊያስተኩስ መጥቶ «ክንድህን ዘርጋ» አለኝና ተጫነው፤ ወረደ። አምባሩን አጥልቆልኝ ደግሞ ተጫነው፤ ወይ ፍንክች! ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። ማሸጊያው ላይ ያለውን «በሳይንስ ተረጋግጧል» ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸውም እኔው ነኝ፤ ወዲያው ገዛሁት። ማታ ለመምህርታችን ባሳያት፣ «ጎበዝ፣ አንብበሃል። እስቲ ‹ተረጋግጧል›ን ‹አረጋገጠ› ብለህ ጻፈው። አሁን ባለቤቱ ማነው?» አለችኝ። «እኔ ነኛ! ገዛሁት እኮ!» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የጠየቀችኝ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ኖሯል። ማሸጊያውን አገላብጬ አገላብጬ ያረጋገጠ ሰው አጣሁ።

መምህርታችን ብቻዋን አይደለችም። ሐኪም አለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፤ እየተሰበሰቡ፣ በሳይንስ ስም የሚሸጠውን ሁሉ «እስቲ እንፈትነው» ይላሉ። የሚከፍላቸው የለም። በሌላውም አገር እንደነሱ ያሉ ብዙ ናቸው አሉ። ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን በሰው አለመሳቃቸው ነው። ሻጩን በአክብሮት ጠርተው፣ ምን ቢሆን እሱ ትክክል፣ ምን ቢሆን እነሱ ትክክል እንደሚሆኑ አስቀድመው ተስማሙ። ነርሷም በሌላ ክፍል ሆና፣ በአንዳንዱ የፎጣ ጨርቅ ውስጥ አምባር፣ በአንዳንዱ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ሰፍታ ላከችልን። የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ እኔም፣ ሻጩም፣ መምህርታችንም አናውቅም። ክንዱስ የማን ነው? የወንድምሽ!

ሻጩ አንድ በአንድ እያጠለቀልኝ ክንዴን ተጫነው፤ ስፌቱ ሲፈታ ጉድ ፈላ። በጎማው እንደ ግንድ ቆሜያለሁ፤ በአምባሩ ክንዴ እንደ እርጥብ ፎጣ ወርዷል፤ አንዳንዴ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ዕጣ እንደማውጣት ነው። ሰውየው «እኔ እኮ ከልቤ ነበር» አለ። መምህርታችንም «እናውቃለን፤ አምባሩን ስታይ ሳይታወቅህ ቀስ ብለህ ትጫናለህ» ብላ ሻይ ቀዳችለት። እኔ ብሆን እስከ በሩ በካውያ እሸኘው ነበር። እነሱ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ቀለል አለኝ ያልሽውን አልክድም። ነርሷን ጠይቄያት፣ ስኳር ዝም ብሎ ዓይንና ኩላሊት ይበላል እንጂ ሁልጊዜ አያስታውቅም አለችኝ። ስለዚህ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አምባርሽን እንዳጠለቅሽ የደምሽን ስኳር ይለኩልሽ። ክኒኑን መተውሽን አትደብቂ፤ እንዴት እንደምትጀምሪ እነሱ ይንገሩሽ። አምባሩን አውልቂ አላልኩም፣ ያምርብሻል። ወንድሜ ነው ብለሽ ብቻ ደግሞ እንዳታምኚኝ፤ እኔንም ጠይቂ፣ ፈትኚኝ።

ባልሽን እጅግ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ጤና ጣቢያ ይዞሽ ካልሄደ ከእንግዲህ ሸሚዙን አልተኩስለትም። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ክኒኑን ስትውጪ አፍሽን አስከፍታ ትይ። ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

እትዬ፣ ፊደል የቆጠርኩት ያንቺን ቃል በሰው አፍ መስማት ስለመረረኝ ነው። ይኸው እኔ ለማንበብ በቃሁ፤ አንቺም የምትጽፊበት ዓይንሽን ጠብቂልኝ።

ወንድምሽ
ከልብስ ንጽሕና ቤቱ፣ ካውያው ጠረጴዛ ላይ
የካቲት ፲፩ ቀን