የረጋው ደምና ሁለቱ ጣቶቼ

ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ጠዋት

ፊቴን ራሴ ታጠብኩ። ትኩሳት የለም። ሾርባው ጨው አንሶታል ብዬ አማረርኩ። ነርሷ ሳቀች፤ ካማረርሽማ ድነሻል አለች። ስሚ ማስታወሻዬ፣ ያለፈው ሳምንት የት እንዳለሁም አላውቅም ነበር። የኩላሊት ኢንፌክሽኔ ወደ ደሜ ገብቶ ነው አሉ። ተርፌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሯል። ጀማል እንዳላይ በሻሽ ይሸፍናቸዋል። ሞኝ ባል! ልብስ ሰፊ ጣቷን ሳታይ ትውላለች?

ሐሙስ፣ ጥር 7፣ ሆስፒታል

ዶ/ር ሰላም ስትገባ አማቴ አፋጠጠቻት።

«አቦ ድዷ ይደማል ትላላችሁ፣ ጣቷ ላይ ደም ረጋ ትላላችሁ። አንዱን ንገሩን እንጂ!»

ዶ/ሯ አልተቆጣችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የደም ሥር ውስጡ ስስ ሽፋን አለው አለች፤ ደህና ሲሆን ደም ሳይረጋ ያልፋል። ኢንፌክሽኑም፣ ሰውነቴ ኢንፌክሽኑን ሲዋጋም፣ ያንን ሽፋን ጎዱት። ደሜ የቆሰልኩ መስሎት በየቦታው ረጋ። የጣቶቼ ቀጫጭን ሥሮች ተደፈኑ። ደም የሚያረጋው ነገር እዚያ ተሟጠጠና ድዴ ሲደማ የሚያቆመው ጠፋ።

«ሁለቱም እውነት ነው፣ እማማ።»

ጀማል በኦሮምኛ ደገመላት። የገዛ ደሟ? አለች። ብርቱካን ላጠችልኝ። አለቀስኩ። ብርቱካኑ ግን ይጣፍጥ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቴ ጨምሯል። ድዴ መድማት ተወ። መሃል ጣቴ ቀላ! ሲነኩት ያመኛል፤ ማመሙ ደስ አለኝ። ሌባ ጣቴ ያው ነው። ጀማል ወደ ላይ ሳይዘልቅ ዛሬውኑ ይቆረጥ አለ። ዶ/ሯ አይቸኮልም፣ የሞተው ከዳነው ራሱ ይለያል አለች። እኔም እንጠብቅ አልኩ። ተኮራረፍን። ማታ ባጃጁን አቁሞ ሳምቡሳ ይዞልኝ መጣ። ታረቅን።

ሰኞ፣ የካቲት 16፣ ከሰዓት

ቤቴ ነኝ። ሙቀቱ ራሱ ናፍቆኝ ነበር! ጠዋት ቀጠሮ ነበረኝ። መሃል ጣቴ ድኗል፣ ቆዳው ብቻ ተላጠ። የሌባ ጣቴ ጫፍ ደርቋል፤ ከጥፍሩ በታች መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ ሙቅ ነው፣ የኔ ነው። ጫፉ ይወገድ፣ ወይስ ትንሽ ትቆያለሽ? አለችኝ ዶ/ሯ። ጀማል እኔን አየ።

የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን በመሃል ጣቴ ገፋሁት። የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ። ሁለተኛው ቀና ማለት ይቻላል። ጀማል በር ላይ ቆሞ ያያል፤ ያየሁት አልመሰለውም።

ለዶ/ሯ ደወልኩላት። ሐሙስ ይወገድልኝ አልኩ። እስከዚያ የአማቴን ሽቲ ቀሚስ እጨርሳለሁ።