ያልለሰለሰው መስመር

ዲላ፣ የካቲት

ለምወድሽ እናቴ፣ ገደብ

እማዬ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የገደብ ብርድ አልጠናብሽም? እህቴና ልጆቿ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ስሙ ይባረክ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎናል። ሉሲዬ፣ አንቺም ለአያትሽ ቀስ እያልሽ አንብቢላት፤ የምትዘይው ቃል እንዳይኖር።

እማዬ፣ በስልክ የቤቱን ነገር ሳነሳ "ኔትወርኩ አስቸገረ" እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

መስከረም ላይ ያ የልስን ቁራጭ ከግድግዳው ተገንጥሎ ትከሻሽ ላይ ሲወድቅ "ቤቱም ሸኘኝ" ብለሽ ጓዝሽን ሸከፍሽ። እህቴም "እኔ ጋ ትቅር፣ ያ ቤት አንድ ቀን ይገድላታል" አለች። ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነበር። አንቺ ግድግዳውን ተጠግተሽ ነው የምትሄጂው፣ ግድግዳው ደግሞ እየረገፈ ነበር። አሁን ግን መልስ አለኝ።

ግንበኛው ይርጉን አመጣሁት። በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን እያንኳኳ ዞረ። ጤነኛው ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ይጮሃል። የለቀቀውን በከሰል እየከበበ ሲጨርስ፣ ከውጭ በር እስከ ደጃፍ ያልተከበበ ቦታ ጠፋ። ወይ ጉድ! አልኩ።

አባዬ ወደ ጌታ ሳይሄድ በየገናው ስንጥቁን ሲደፍን ትዝ ይልሻል? "ሲሚንቶ ይብዛበት፣ ቤቴን አትንፈጉት" ይል ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚለው እንዲያ ነው። ድንጋዩ ግን በጭቃ ነው የተገነባው። በስንጥቅ የገባውን ዝናብ ሲሚንቶው አላስወጣ ብሎ፣ ጭቃው ከውስጥ ሲላቁጥ ኖሯል። አባዬ ቤቱን ሲወድ ጎዳው፤ ምን ይባላል።

ሁሉንም አራገፍነው። በጋው እንዲያደርቀው ድንጋዩን ራቁቱን ተውነው። ጎረቤታችን ብዙነሽ በአጥሩ አሻግራ አይታ "እናትሽ ብትሄድ ልትሸጪው ነው?" አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አልጽፍም፤ ሉሲ ናት የምታነበው። ግድግዳው ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ የነበረውን እንሰትሽንም ወደ ጓሮ አዛወርኩት። አትቆጪ፣ ይዟል፤ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ከደረቀ በኋላ ይርጉ ጭቃው የታጠበበትን ሞላ፤ ከዚያ በኖራና በአሸዋ፣ ሲሚንቶ ቆንጠር ተደርጎበት ለሰነው። ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ አልብሼ ውሃ ሳጠጣው ሰነበትኩ። አሁን ድፍን ነው። ራሴ እየዞርኩ አንኳኳሁት፤ ይርጉን አላመንኩትማ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣላን። ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከውጭ በር እስከ ደጃፍ የመዳፍ ስፋት ባለው መስመር ላይ ጠጠር ያለበት አሸዋ እንዲረጭበት ጠየቅኩት። "እንዴ! ያለሰለስኩትን? ያየው ሁሉ ይርጉ ሰክሮ ነው የሠራው ይለኛል" ብሎ ጮኸ። "ለሚያየው ሰው አይደለም" አልኩት። አሸዋውን በእፍኙ ዘገነ። ከዚያ "እጇ የት ላይ ይደርሳል?" ብሎ ጠየቀኝ። ቁመቴ ያንቺው ነውና ግድግዳው አጠገብ ቆሜ እጄን ዘረጋሁለት፤ እዚያው ላይ ረጨው።

ሲደርቅ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት። መጀመሪያ ፈራሁ፣ እማዬ። አንቺ ስንት ቀን እንዲህ እየፈራሽ ዝም እንዳልሽ ያኔ ገባኝና አለቀስኩ። እንደገና ስሞክር ግን እጄ ደጃፉ ላይ አደረሰኝ።

ሸክም እሆናለሁ የምትይውን ተይው። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ነይልኝ። መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ከውጭ በር ወዲህ ግን ማንም አይመራሽም። ቀኝ እጅሽን ግድግዳው ላይ አኑረሽ ትገቢያለሽ። ሻካራው ሲቋረጥ ደረጃው ነው፤ ቆም በይና እግርሽን አንሺ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ምርቃትሽ ከእኔ አይራቅ።

በቁመት አንቺን የወጣሁት ልጅሽ