ሎውል ፕራት ከድስቱ ኋላ የቆመበት ቅዳሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለኤልደን፣

እንዴት ከረምክ፣ ወንድም ጋሼ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ አሁንም እንደ አሮጌ መቅዘፊያ ይንቋቋል? ቨርጂልስ? ያ የደረት ሳል ለቀቀው ወይስ ክረምቱን አብሮት ከረመ? ድመታችሁ፣ ወንዛችሁ፣ በመስኮታችሁ ሥር የሚያልፉት መርከቦች ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከም ብሏል እንጂ ማንበቤን አልተውኩም። ከቤተ መጻሕፍቱ ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር ሞገድ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ፣ ከምድጃው ጎን ተቀምጬ አንድ ገጽ አነብና ግማሽ ሰዓት በሐሳብ እነጉዳለሁ። በዚህ አያያዜ ጨረቃ ላይ ሳልደርስ በጋው ይገባል።

እዚህ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከባሕሩ ይነሣና ቀስ ብሎ በመንደሩ መካከል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጀልባዎቹን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ፣ በመጨረሻም የእኔን አጥር ይውጠዋል። ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውኃ ለመቅዳት በየሜፕሉ ዛፍ ላይ ባልዲ ተሰቅሏል። ምንም በማይታይበት ጭጋግ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በር ላይ ቆሜ ሳዳምጠው ዕድሜዬን እረሳዋለሁ፤ እናታችን ከኋላዬ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብን» የምትለኝ ይመስለኛል።

ይህንኑ ለዳርሲም ጽፌላታለሁ። ለልጅ ልጄ የምጽፍላት እንዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ባልዲ፣ ስለ ዶሮዎቹ። ከጦር ሠራዊቱ በገና ፈቃድ መጥታ ሳለች ጓዳ ውስጥ ዓሣ እያጸዳን፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሣ፣ የምትወዳት ሴት እንዳለች ነገረችኝ። አንድ የክፍሏ ወታደር ይህን አውቆ ለአዛዡ እንደጠቆመባትና አንድ መኮንን ሁለት ጊዜ ጠርቶ እንደመረመራትም ነገረችኝ። ሕጉን ታውቀዋለህ። አዛዡ አይጠይቅም፣ ወታደሩም አይናገርም ይባላል፤ ነገሩ ከታወቀ ግን መባረር ነው። ዳርሲ ሄሊኮፕተር ስትጠግን እጇ እንደሚዘፍን አለቆቿ ራሳቸው መስክረውላታል። ከዚያ ሥራ ቢያስወጧት ምን እንደምትሆን አላውቅም። ስለዚህ «የምትወጃት ልጅ ማን ትባላለች? ደግ ናት? ምግብ ትወዳለች?» ብዬ ልጠይቃት ብዕሬን አነሣና፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንደሚወድቅ ስለማላውቅ፣ ቀይዋ ዶሮ እንቁላል መጣል እንደጀመረች ጽፌ አሽገዋለሁ። ድሮ ለአንተ ሳልጽፍ የቀረሁትን ደብዳቤ ሁሉ አሁን ደግሞ ለእሷ ሳልጽፍ እየቀረሁ ይመስለኛል። ይቅርታ መጠየቅ አቁሚ ስላልከኝ አልጠይቅህም። ይህን ወረቀት ግን አንብበህ ስትጨርስ ምድጃህ ውስጥ አቃጥለው።

አሁን ወደ ወሬዬ ልመለስ። የምክር ቤት ተወካያችን ሎውል ፕራት ይባላል፤ ያገለገሉ ጀልባዎች ይሸጥ የነበረው የፕራት ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጸው፣ ለምርጫ ሲወዳደር እዚሁ አዳራሻችን ውስጥ ጭልፋ ይዞ ቆሞ «ይህን ሕግ ለመሻር መጀመሪያ የሚፈርመው እጅ የእኔ ይሆናል» ብሎን ነበር። እኔም የመረጥኩት ለዚህ አንድ ቃል ስል ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እየፈረሙ የእሱ ስም አልታየም። ፕሬዚዳንቱ ራሱ በጥር ወር ሕጉ ይሻራል ብሎ ሲናገር እንኳ የእኛው ሰው ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዓመታዊው የከተማ ስብሰባ ነበርና በምሳ ሰዓት መጣ።

ደንቡ አሁንም እንደ አባታችን ዘመን ነው። ቦሎቄው ዓርብ ማታ በብረት ድስት ከአዳራሹ ጀርባ በፍም ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ቅዳሜ ቀን ይወጣል። ድምፅ ሊለምነን የመጣ ሰው ሁሉ ሽርጥ ታጥቆ ከድስቱ ኋላ ይቆማል፤ ድስቱ ባዶ ሳይሆን ሽርጡን አይፈታም። ማቪስን ታስታውሳታለህ አይደል? የመብራት ቤቱ ጠባቂ ልጅ፣ ያቺ ፀጉረ ቀይ። አሁን ፀጉሯ እንደ በረዶ ነጥቷል፤ አፏ ግን ያው ነው። እዚህ የዳርሲን ነገር ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦ እየቆረስን ሳለን ጠጋ ብላ «ቨርና፣ ዛሬ ማንም ከአንድ ማንኪያ በላይ አይቀበልም፤ ድስቱ እንዲያልቅ አንፈልግም» አለችኝ። የዳርሲን ስም ሳታነሣ፣ የፕራትን ቃል ብቻ እያነሣች ወሬውን ከጆሮ ወደ ጆሮ አስተላለፈችው።

መጀመሪያ የቀረበው ሆሊስ ነበር፤ ሎብስተር አጥማጁ፣ ያ ሦስት ሳህን በልቶ አራተኛውን ወደ ቤት የሚወስደው። ሳህኑን ዘርግቶ «አንድ ማንኪያ» አለ። ፕራት ሳቀና «ሆሊስ! አንድ ማንኪያ? ታመህ ነው እንዴ?» አለው። ሆሊስም «ሆዴ ደህና ነው። የሚያመኝ ጆሮዬ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ቆመህ ያልከው አሁንም ይጮህብኛል። የታለ ፊርማህ?» አለው። ፕራት ጄኔራሎቹ ጉዳዩን እያጠኑት መሆናቸውን አስረዳ። ቀጥላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳዋ ሴት መጣችና «ጥናቱ መቼ ያልቃል ሎውል? የእኔ ልጅ እንኳ የቤት ሥራዋን እስከ ሰኞ ትጨርሳለች» አለችው። እሷም አንድ ማንኪያ ተቀብላ ሄደች። ከኋላዋ ያለውም እንዲሁ፣ የዚያም ተከታይ እንዲሁ።

ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር አንድ ሐሳብ ነበር ብዬ አላታልልህም። ሆሊስ ወደ ሰልፉ ጭራ ሲመለስ «እኔ በበኩሌ ነገሩን አልወደውም፣ ወንድ ከወንድ የሚሉትን» ብሎኛል። «ግን ቃል ቃል ነው። በእኛ ጭልፋ እየቀዳ የተናገረውን ዋሽንግተን ሲደርስ ሊተፋው አይችልም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በውኃ ውስጥ እንዳየሁት ነው የሚታየኝ። አዳራሹ ሞቆ መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ታውሯል። ሰልፉ በዋናው በር ወጥቶ፣ በጭጋጉ ውስጥ አዳራሹን ዞሮ፣ በወጥ ቤቱ በር ተመልሶ ይገባል። ሰው ከጭጋግ ይወጣል፣ አንድ ማንኪያ ይቀበላል፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ወደ ጭጋጉ ይመለሳል። ማንም አይቸኩልም። የሹካ ድምፅ፣ የጫማ ድምፅ፣ የጣፋጩ ቦሎቄ ሽታ። ውጭ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ የሞቱትም አብረውን የተሰለፉ መሰለኝ። ባለቤቴ መርል በዚያ በተቀደደ ካፖርቱ ከፊቴ የቆመ መሰለኝ። አባታችንም፣ ኮፍያውን እንዳጠለቀ፣ ባዶ ሳህን ይዞ፣ ራቅ ብሎ። ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራሁትም።

ፕራት ላብ ላብ ብሎት «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሳይመሽ ሌላ ከተማ ይጠብቁኛል!» ሲል ማቪስ ሁለተኛውን ድስት ከጓዳ አምጥታ በመጀመሪያው ላይ ገለበጠችለት። «ይጠብቁህ እንጂ፤ እኛም ስንጠብቅህ ነው የኖርነው» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ነገር ግን ይህ ሳቅ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ተራዬ ደረሰ። ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ከድስቱ ፊት ስቆም ግን ንግግሩን ተውኩት። ስለ ዳርሲ መናገር አልችልም፤ እዚያ የምተነፍሰው አንድ ቃል የመኮንኑ ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ በገና በስልክ ያልከኝ ትዝ አለኝ፤ «የእኔን ስም ተጠቀሚበት ቨርና። እንደ ክት ልብስ ተጣጥፎ ስንት ዘመን ተቀመጠ፤ ትንሽ ነፋስ ይምታው» ያልከኝ። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ «ሎውል፣ ኤልደን የሚባል ወንድም አለኝ። ወንድ ስለወደደ ባሕር ኃይል አባረረው። ቤት ሲመጣ አባታችን ሳህኑን ከገበታው አነሣበት። እኔም ገበታው ላይ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ዛሬም ስለ ሌላ ሰው ዝም እንድል ሕጉ አፌን ይዞኛል። እስከ መቼ ዝም ልበል? ሌላ አልጠይቅህም፣ ይህን ብቻ ንገረኝ።»

 ከመድረኩ በኩል ስብሰባውን የሚመራው ተርሎው ድንገት ተነሣና «ኤልደን? ጀልባ በአንድ መቅዘፊያ መንዳት ያስተማረኝ ኤልደን? ሞቷል ብዬ እኮ ነበር!» አለ። እኔም «አልሞተም፣ ኦሪገን ነው ያለው» ስለው ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው የት ነው ብሎ እንዳልጠየቀኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ የታወሰው ይመስለኛል። እኔም ስምህን አንሥቼላቸው አላውቅም።

ፕራት ጭልፋውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወይዘሮ ቨርና፣ እውነቱን ልንገርዎት? ፈርቼ ነው። በመጸው ምርጫ አለብኝ። ያኔ ቃሌን ስሰጥ የምከፍለው ነገር አልነበረም» አለኝ። ከልቡ ሲናገር ፊቱ የልጅ ይመስላል። «እኔም ፈርቼ ነበር» አልኩት። «ፍርሃቱ ያልፋል ሎውል። ዝምታው ነው አብሮህ የሚያረጀው።»

ሽርጡን እንደታጠቀ ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ የኪስ ስልክ በእኛ መንደር እንደማይሠራ ታውቃለህ። በግድግዳው ስልክ ዋሽንግተን ላለች ጸሐፊው ደወለ። ማቪስ ጭልፋዋን እንደያዘች አጠገቡ ቆማለች። «አዎ፣ ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ… ሰኞ ጠዋት ስሜ ይግባ… አዎ፣ ሕጉን ለሚሽረው ረቂቅ ነው… አይ፣ ማንም አላስገደደኝም» ሲል ማቪስን በጎን እያያት እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ። ተመልሶም ከድስቱ ኋላ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሳህኑን ሞልቶ አስቀዳና የሁለቱም ድስት ቦሎቄ ወዲያው አለቀ። ሆሊስ አራተኛውን ሳህን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በኮምፒዩተሩ አየሁት። ስሙ ገብቷል። ደስ ብሎኝ ለማቪስ ብነግራት «ፈረመ እንጂ ገና ድምፅ አልሰጠም፤ ማሳ ላይ ያለ እህል ጎተራ ገባ አይባልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ገና ነው፤ ከዚያም የላይኛው ምክር ቤት አለ። እስከዚያ ድረስ በሚመጣበት እራት ሁሉ እየተሰለፍን ልንጠይቀው ተስማምተናል። ሐሙስ ዕለት ዳርሲ ደውላ ነበር። መኮንኑ ለሦስተኛ ጊዜ እንደጠራት በአነጋገሯ ገባኝ፤ ነገሩ አልተዘጋም። እኔም ስለ ጭጋጉ አወራኋት። «አያቴ፣ ድምፅሽ ተለውጧል» ስትለኝ ቦሎቄ አብዝቼ በልቼ ነው አልኳት። ረጅም ሳቅ ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ያ ሳቅ እስኪመሽ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሲዞር ዋለ።

በል ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ከዚህ ከተማ ሰላምታ የምልክልህ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ወረቀቱ አልበቃ አለኝ። ተርሎው ሰላም ብሎሃል፤ ጥርሱ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል። ማቪስ ጉንጭህን ስማ፣ አንድ የዳንስ ዕዳ አለብህ ብላለች። ሆሊስ በአዳራሹ በር ላይ ይዞኝ «ነገሩን አልወደውም ብያለሁ፤ አሁንም አልወደውም። ግን ሰላም በይልኝ» ብሏል፤ እንዳለው አስተላልፌልሃለሁ። ለምትወደው ለቨርጂል ከእኔ፣ ከማቪስና ከተርሎው ቤት ሁሉ ሰላምታ ይድረሰው፤ በዚህ አገር ስሙ ተጠርቶ ሰላም ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነው። ለድመታችሁም እንዲሁ። የዳርሲን ሰላምታ ግን አልላክሁልህም። የራሷን በራሷ እጅ የምትጽፍበት ቀን ሲመጣ የሁለት ሰው ሰላምታ ይደርስሃል፤ የአንደኛዋን ስም እኔም ገና አላውቀውም።

እህትህ ቨርና

ሳውዝ ኮርሊስ፣ ሜይን
ማርች 14 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.