የሌስሊ ሥራ አይነካም

ፐርዝ ላለኸው ለታናሽ ወንድሜ ለሌስሊ፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክ? ያ የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ? ሸሪልስ ደኅና ናት? መንትዮቹስ፣ በቁመት በለጡህ ወይስ ገና ናቸው? እኔ እጄ በቤንዚን ከመላላጡ በቀር ደኅና ነኝ። አባባ ግን ደኅና አይደለም። ሳንባው እምቢ ብሎታል፤ ሐኪሙም ለገና መድረሱን እንጃ ብሎኛል። ይህንኑ በማርች ጽፌልህ ነበር። መልስ አላየሁም፤ ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ልለፈው።

የዛሬው ደብዳቤ ስለ መኪናዋ ነው። ኧረ አትሳቅ! አባባን ሳሎን መስኮቱ ሥር አስተኝቼዋለሁ። ከመሞቱ በፊት የሚለምነኝ አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ቀይ መኪናው ደጅ ቆማ ሞተሯ እንደ ድሮው እኩል ሲመታ መስማት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሚኒሞዋ አልስተካከል ብሎ፣ ቆማ ስትሠራ አንዴ ታጓራለች፣ አንዴ ትንተፋተፋለች፣ አንዴ እልም ብላ ትጠፋለች። ጥፋተኛዋ ማን መሰለችህ? እኔ! «ሌስሊ አሳምሮ ትቶልሽ ሄደ፣ አንቺ ገደልሻት። ምን ታደርጊ፣ ጆሮ የለሽም» ይለኛል፣ ሾርባውን በማንኪያ እያጎረስኩት።

ያልሞከርኩት የለም። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ የሁለቱንም ካርቡሬተሮች ክዳን ከፍቼ አጠብኩ። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ፣ ሌላውን የካርቡሬተሮቹ አፍ ላይ እያደረግኩ አየር ሲስቡ የሚሰማውን ትንፋሻቸውን እኩል ላደርግ ደከምኩ። አባባ ይህን ላንተ ሲያስተምር እኔን «ሻይ አፍይ» ብሎ ያባርረኝ ስለነበር፣ የተማርኩት በበር ቀዳዳ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የአሮጌ መኪና ማኅበሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ካቻቪቴያቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ቤንዚን በዛ ይላል፣ አንዱ አነሰ ይላል፣ ሦስተኛው ኬኬን ጨርሶ «ብርዱ ይሆናል» ብሎ ይሄዳል።

ቁም ነገር የተናገረው ጎረቤታችን ፕሪቻርድ ብቻ ነው። «ሂልዳ፣ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ የሚገጥምበት ጋ አየር እየሳበ ነው፤ ፍቺው» አለኝ። ገና መፍቻ ሳነሳ አባባ በዱላው መስኮቱን ደበደበ። «እሱን እንዳትነኩ! የሌስሊ ሥራ አይነካም!» ከመሄድህ በፊት እዚያ መሃል አየር እንዳያስገባ የሚደረገውን ጓርኒሲዮን የቀየርከው አንተ ነህ፤ ማንም እንዳይፈታውም ያዘዝከው አንተው ነህ። እኛም አልነካነውም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሞተሩን አስነሥቼ ዘይት ስቀባ መጋጠሚያው ላይ ፈሰሰብኝና፣ ጉድ በል፣ አየሩ የሚገባበትን ደፍኖት ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ እኩል መታ። ሐሙስ ነርሷ አባባን ስታጥበው ሹልክ ብዬ ወጥቼ ፈታሁት። አባባ ጓርኒሲዮን የሚሠራው ወፍራም ቡናማ ወረቀት ብረቱ ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ ነበር። ያንተስ? የቁርስ እህል ካርቶን! በመቀስ የተቆረጠ፣ አንዱ የብሎን ቀዳዳ እስከ ጠርዙ የተቀደደ። የሚስቅ ድብ ግማሽ ፊትና «ዕጣው የሚያበቃው ኦገስት 31 ቀን 1987» የሚል ጽሑፍ አለበት። ያን ቀን ኳስ ልታይ ትቸኩል እንደነበር ትዝ አለኝ። ኧረ ሌስሊ! ዘጠኝ ዓመት ጆሮ የለሽም የተባልኩት በዚህ ነው!

በአባባ ደንብ አዲስ ቆርጬ ገጠምኩ። ቱቦውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሁለቱን ትንፋሽ አስተካከልኩ። እንደ ድሮው እኩል መታች። እያሠራኋት ትቻት፣ ካርቶንህን ሽርጤ ኪስ ከትቼ፣ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩትን ንግግር ይዤ ወደ አባባ ሮጥኩ። እሱ ትራሱን ተደግፎ ተነሥቶ፣ ጆሮውን ከመስኮቱ አስጠግቶ፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። «ሌስሊ መጣ አይደል?» አለኝ።

እጄ ካርቶኑ ላይ ነበር። «አዎ አባባ፣ መጥቷል። እጁን እየታጠበ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ምን ቆመሻል? ሻይ አፍይለት እንጂ!» አለኝ።

አፈላሁ። ከዚያ ወዲህ የት ሄደ ባለኝ ቁጥር «ጋራዥ ነው» እለዋለሁ፤ ወጥቼም ሞተሩን አስነሣለታለሁ። ይህ እስከ መቼ እንደሚያስኬደኝ አላውቅም። ተቆጥቼብሃለሁ፤ ግን ና። ካርቶንህን ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ።

ሸሪልን ሳምልኝ፤ መንትዮቹንም አክስታችሁን ናፍቃችኋታል በልልኝ። ፕሪቻርድ ሰላም ብሎሃል። አባባ ሰላምታ አልላከልህም፤ እዚህ ያለህ መስሎታል።

እኅትህ ሂልዳ
ኮቨንትሪ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1996