ዶክተሯ በመስኮት ያሳየችኝ ፎቶ

ወንድሜ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ አካም ጂርታ? እኔ ለማለት ያህል አለሁ።

ለራስ ምታት ጥናት አዲስ አበባ ወስደው ያነሱኝን የአንጎል ፎቶ ዛሬ አምቦ ላይ አሳዩኝ። ፎቶ ሲሉኝ ጢሜን ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ ነበር የሄድኩት። እነሱ ግን ኮቱን አስወልቀው እንደ ጌዶ ወፍጮ በሚጮህ ማሽን ውስጥ አጋደሙኝ።

ዶክተር ሮዛ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ዘርግታ «አባባ፣ ንጹህ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚወቅረኝ ምንድነው? የታለ? አሳዪኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ሕመሙ እውነት ነው። በአንድ ሰው ፎቶ ግን አይታይም፤ የብዙ ሰው እያስተያየን ነው የምናጠናው። ፍሬው ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል።»

እኔ የሰማሁት የጮህኩባትን የራሴን ቃል ነው። ባለቤቴ አስካለች ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ ጨለማ ክፍል ስትተኛ፣ «ደቦ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያምሽ? የታለ? አሳዪኝ!» እላት ነበር። አንተም እየሰማህ ስቀሃል። ሳላምናት ቀበርኳት።

ሰበበኛ የምትሉኝን ሁሉ ፎቶውን አምጥቼ አፍ አስይዛለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። የማሳያችሁ ነገር የለኝም። እሷም አልነበራትም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። መቲንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ቶሌራን በትምህርቱ በርታ በለው። ስመጣ ቤት አትጠብቁኝ፣ መጀመሪያ መቃብሯ ጋ ነው የምሄደው። ምን እንደምላት ግን እንጃ።

ጉደታ