አባባ የማያስታውሰው ቀን

የካቲት 6

ሥራ ደህና ዋለ። አንዲት ሴትዮ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት ዘንጉን ሰብራ መጣች። ራሷ ሰብራ ስታበቃ እኔ ላይ ጮኸች። "ዕቃችሁ ውራጅ ነው!" ምንም አይደል አልኳት። ቀየርኩላት፣ አፍንጫዋ ላይ አስተካከልኩላት፣ ሄደች። ሌንስ ቆራጩ ከመጋረጃው ጀርባ "ምንም አይደል! ሻይ ትጠጫለሽ?" አለ። እኔን ነው። መጠሪያዬ ከሆነ ቆይቷል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ማታ እህቴ ደወለች። "እታለም፣ የአባባ ዓይን ጨርሶ ሄደ። ሞራ ነው አሉ። ትናንት በር መስሎት ቁም ሣጥን ሊገባ ነበር።" ሳቅን። ከዚያ "አንቺ ጋ ይምጣና ይታከም። መነጽር ቤት የምትሠሪው አንቺ፣ ሐኪም የምታውቂው አንቺ" አለች።

እሺ አልኩ። ለማሰብ እንኳ አልቆየሁም።

የካቲት 7

ባሌ ጠየቀኝ። "አባትሽ ሊመጡ ነው ስትባዪ ምን ተሰማሽ?"

ፈለግኩ። የሆነ ነገር መኖር አለበት አይደል? አጣሁ። "ደክሞኛል" አልኩት። እሱ መልስ ሁልጊዜ ያስኬዳል።

የካቲት 13

መጣ። ከአውቶቡሱ በእግሩ መሬቱን እየዳበሰ ወረደ። ከኋላው ሦስት ሰው ሻንጣውን ለመያዝ ይሻማል። መንገዱን ሁሉ ሲያስቃቸው ነው የመጣው። አንዷ ክንዴን ይዛ "ምን ዓይነት አባት ነው ያለሽ! ታድለሽ" አለችኝ። አዎ አልኳት።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ" ትል ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሳህን እያጠበች።

ሳምኩት። ከከንፈሬ አፍንጫዬ ቀደመ። ሳሙና፣ የጉዞ አቧራ... ሌላ የለም። መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጉበቱ ነው ያስቆመው። አውቃለሁ። አፍንጫዬ ግን ማንንም አያምንም።

የካቲት 15

ከክፍሉ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ኮቴውን እሰማለሁ። ደህና ኮቴ ነው። ግን እሰማለሁ። ባሌ እያወራኝ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ቁልፉ ነበር የሚነግረኝ። አንዴ ገብቶ ከዞረ ሰላም ነው። ቀዳዳውን ፈልጎ ብረቱን ከፋቀ እህቴን ብድግ አድርጌ ወደ ጓዳ፣ በሩን ዘግቼ ጮክ ብዬ እዘፍንላታለሁ። ድምፄ አስቀያሚ ነው። እሷ ግን ታጨበጭብ ነበር።

ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀን እኔ ሱቁ በር ላይ እቆምና "አባባ ጉንፋን ይዞታል" እላለሁ። አንዱ ደንበኛ "ይኼ ጉንፋን ከናንተ ቤት ቤት ተከራይቷል እንዴ?" አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜም እስቅ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ልጄ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታስቀው አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰው ቤት ያለ ቴሌቪዥን እንደማይ አየኋቸው።

የካቲት 21

ትናንት ከአንድ ዓይኑ ሞራውን አነሱለት። ዛሬ ፋሻው ተፈታ። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

"አንቺ... ሽበት አበቀልሽ እንዴ?"

"ካበቀልኩ ቆየሁ።"

"ምነው ማንም አልነገረኝ?"

ነርሷ በሳቅ ሞተች። ጠብታ ሰጡን። ራሱ ማድረግ አይችልም፣ ባሌ ዓይን መንካት ይፈራል። ስለዚህ እኔ ነኝ።

የካቲት 24

ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ያደርጋል። የታችኛውን ቆብ በጣቴ ዝቅ አደርጋለሁ። ጠብ። ጨፍን። አትሽ።

የስንቱን ፊት ይዤ መነጽር ለክቻለሁ። የሱን ግን ይዤ አላውቅም። ለካ ጉንጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ከየት አመጣው? አልጠየቅኩም። እጄ ሥራውን ይሠራል፣ እኔ የለሁበትም።

"እጅሽ ቀላል ነው" አለኝ። "ፀጉር አስተካካይ ይወጣሽ ነበር።"

የካቲት 28

ወጣ። የደበቅኩት ነገር እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ባሌና ልጄ ጫማ ገዝተው መጡ። ቀይ። ቤቱን ሙሉ ዞረችበት። አባባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአዲሱ ዓይኑ እያየ "ለእናትሽም እኮ ስንቱን ጫማ ገዝቻለሁ!" አላት።

ባሌ ልጅቷን ሊያጥባት ወሰዳት። የጠብታው ሰዓት ነበር። ጭንቅላቱን አዘነበለ። ጠርሙሱን እንደያዝኩ፣

"አንድ ቀን ጫማ ልትገዛልኝ ይዘኸኝ ወጣህ" አልኩት።

"እ።"

"ስምንት ዓመቴ ነበር። ገበያው አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ስንደርስ 'አንድ ሰው ሰላም ብዬ ልምጣ' ብለህ ገባህ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።"

የጠርሙሱን ክዳን ፈታሁ።

"አልወጣህም።"

"አልወጣሁም?"

"በጓሮ በር ወጥተህ ሄደሃል። እኔን ረስተህ። ሊዘጉ ሲሉ ባለቤቷ አየችኝና እጄን ይዛ ቤት አደረሰችኝ። አንተ ተኝተሃል። ጠዋት እያፏጨህ ፀጉሬን አስተካከልክልኝ። እማ 'አታንሺበት፣ ዛሬ ደህና ነው' አለችኝ። አላነሳሁም።"

ጭንቅላቱን እንዳዘነበለ ነው። ጠብታውን ገና አላደረግኩለትም።

"አላስታውስም" አለ።

እንደሚለው አውቅ ነበር። እየዋሸ አይደለም። እኔ በየዓመቱ በሐሳቤ እዚያ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ፣ እሱ ጋ ያ ቀን ጭራሽ የለም። የኖርኩት ብቻዬን ነው ማለት ነው?

ከዚያ ጠየቀኝ። "ብርድ ነበር?"

"ዘንቦ ነበር።"

"አለቀስሽ?"

"አላለቀስኩም። የሚገባውን የሚወጣውን ሰው እግር አይ ነበር።"

"ጫማው... ተገዛ?"

"አልተገዛም።"

ዓይኑን አልጨፈነም። "የማላስታውሰውን ይቅር በዪኝ ብልሽ ለአፌ ያህል ይሆናል" አለ። "ግን ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ካልሽ ነበርኩ።"

ጠብታውን አደረግኩለት። ጨፍን አልኩት።

የካቲት 29

ሥራ ሄድኩ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ቀለል ይላል ይባላል፣ ሲናገሩት። ምንም አልቀለለኝም። ምንም አልከበደኝምም።

መጋቢት 2

"ሌላም ቀን አለ?" አለኝ፣ ለጠብታው ጭንቅላቱን እንዳዘነበለ።

"አለ።"

"ንገሪኝ።"

"ዛሬ አልችልም።"

"እሺ።"

ይኸው ነው። ግን "ምንም አይደል" ሳልል ያለፍኩት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

መጋቢት 6

እህቴ ደወለች። ስታሽሞነሙን ቆይታ ወደ ጉዳዩ ገባች። "አንቺ ጋ ቢቀርስ? ልጅሽም ለምዳዋለች። አንቺ ደግሞ ምንም አይልሽም።"

"አይሆንም።"

እኔ ራሴ ማን እንደተናገረ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝም።

"ምን አልሽ?"

"አይሆንም። እስኪሻለው ይቆያል። መኖር ግን እዚህ አይኖርም።"

"እታለም፣ አባባ እኮ ተለውጧል! ድሮም ቢሆን ሲጠጣ ይጫወት ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። እኔ የማውቀው አባባ—"

"አንቺ የምታውቂው እኔ በሩን ዘግቼብሽ ስለነበር ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። ዞር ስል አባባ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ያሳከምኩት ዓይኑን ነው፣ ጆሮውማ ድሮም ደህና ነበር።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። እጁን አነሳ።

"ተዪ። እኔም ብሆን ከእኔ ጋር አልኖርም" አለ። ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ቀልድ ነበር? አልሳቅኩም። ቀልዶ ያልሳቅኩለት መቼ ነበር?

መጋቢት 12

ሄደ። ባሌ አሳፈረው። ልጄ አለቀሰች። አንሶላውን አጠብኩ። እህቴ "ደርሷል" ብላ ላከች። አንድ ቃል።

መጋቢት 25

ስልኩ ላይ እህቴ ነበረች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ጓዳ ውስጥ ትዘፍኚልኝ የነበረው... ለዚያ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ጨዋታ መስሎኝ።" ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አዳመጥኳት። ለሷም ለኔም አለቀሰችልኝ። ለቅሶው እኔ ጋ ገና አልደረሰም። "በቃ፣ እኔ ጋ ይኑር" አለች በመጨረሻ። "አንቺ ደክመሻል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቃል ሌላ ሰው ሲለው ሰማሁ። እውነት ነው ለካ።

ሚያዝያ 9

አባባ ለመጨረሻ ምርመራ መጣና መነጽር ታዘዘለት። ሱቃችን አመጣሁት። ሌላ የት ይሄዳል?

ገና ሳይቀመጥ ሱቁን በጨዋታ ያዘው። ገንዘብ ተቀባይዋን "አንቺን ሳይ ነው ዓይኔ የዳነው" አላት። ሌንስ ቆራጩ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ወንበር አመጡለት። የድሮ ደንበኞቹን እያነሳ፣ ራሰ በራው ሰውዬ "ከላይ አሳጥርልኝ" ያለውን እያወራ... እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሌንስ ቆራጩ ወደኔ ዞሮ "አንቺ! እንዲህ ያለ አባት ደብቀሽ! የሳቅ ቤት ነው ያደግሽው በይኛ" አለ።

ፍሬሙ እጄ ላይ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰጠሁት መልስ ነው። ሳቅ ብሎ አዎ ማለት።

"ይጠጣ ነበር" አልኩ። "በጣም ይጠጣ ነበር። የሳቅ ቤት አልነበረም።"

ድምፄ ከፍ አላለም። ሁሉም ግን ሰሙ። ገንዘብ ተቀባይዋ መሳቢያዋን ከፍታ ዘጋች። ሌንስ ቆራጩ የሚገባበት ጠፋው። አባባን አየሁት። ቀልድ እየፈለገ ነበር፣ አፉ አካባቢ አየሁት። አገኘውም ይመስለኛል። ተወው።

"እውነቷን ነው" አላቸው። "ልጅነቷን ጠጥቼባታለሁ።"

ከዚያ ፊቱን ቀና አድርጎ ሰጠኝ። ፍሬሙን አጠለቅኩለት። ግራው ከፍ ብሏል። አወለቅኩ፣ ዘንጉን አሞቅኩ፣ አጎበጥኩ፣ መለስኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። "አሁን እንዴት ነው?" አልኩት። "አየሁሽ" አለ።

ሲሄድ አላቀፍኩትም። እሱም አልጠየቀም። እህቴ ጋ ሲደርስ እንዲደውል ነገርኩት። እንዲደውል የምር ፈልጌ ነው ያልኩት።

ሥራ ሳልጨርስ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ መጣብኝ። መጀመሪያ የታመምኩ መሰለኝ። ደረቴ ጋለ፣ ጥርሴ ገጠመ። ዘንቦ ነበር እኮ! ስምንት ዓመቴ ነበር! እንዴት ሰው ልጁን ረስቶ በጓሮ ይወጣል? አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳውን ሰብሰብ አደረገ። ያድርግ። አንድ ፌርማታ አለፈኝ። ተመልሼ በእግሬ መጣሁ፣ ብቻዬን እያወራሁ፣ እንደ ዕብድ።

ባሌ በሩን ከፈተ። "ምን ሆንሽ?"

"ተናድጃለሁ።"

"በማን?"

"በአባባ። በእማም። በአንተም ሳይሆን አይቀርም፣ ገና አላወቅኩም።"

አየኝ። ከመንገዱ ዞር አለልኝ።

"ታዲያ በር ላይ ቆመሽ ነው እንዴ የምትናደጂው?" አለ። "ግቢና ተቀምጠሽ ተናደጂ።"

ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ልጄ ከማዶ አየችኝና ሥዕሏን ቀጠለች። ይህን የምጽፈው ገና እዚያው ተቀምጬ ነው። አሁንም ተናድጃለሁ።