አቶ ሀይደር ቀድመው የሚመጡበት ምክንያት

ወዳጄ ቢሻው፣ ሆሞሻ ላይ ልጄ ከማንጎ ዛፍ ሥር ጎልማሶችን ታስተምራለች። የመንደሩ አስታራቂ አቶ ሀይደር በዚህ ዕድሜያቸው ፊደል ጀምረዋል። መጀመሪያ ሰሞን እሳቸው ሲመጡ ተማሪው ሁሉ ለክብራቸው ብድግ ይልና ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር። አሁን ማንም እንዳይነሳላቸው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ይቀመጣሉ።

«ክብር ይቆያል፣ እኔ ግን አርጅቻለሁ። ክልል ሆነናል፤ ከእንግዲህ ሳላነብ በአውራ ጣቴ አልፈርምም» አሉኝ።

እንዴት እንደቀናሁ አትጠይቀኝ። አንተ ደሴ፣ ቤትህ በር ላይ ተቀምጠህ ያልተነሳልህን ሰው ስትቆጥር ትውላለህ።

እትዬ ዘርፌንና ልጆቹን ሳምልኝ። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ደግሞ እንደ ልማድህ «መነጽሬ ጠፋ» ብለህ የምታስነብባት የልጅ ልጅህ ዘመናይ ከሆነች፣ የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ አቁሚና ካርዱን ለአያትሽ ስጪው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱ ያንብበው።

ይማም